ከዱባይ የመጣው መጋረጃ ሀዲዳችን ውስጥ አልገባም አለ

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አራስ ነኝ። ልጃችን ከተወለደች አምስት ሳምንቷ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ችግሬ ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከመውለዴ በፊት ለሳሎናችን መጋረጃ ገዛን። ከነሀዲዱ 14 ሺህ ብር ወጣበት። ባለቤቴ በሰው በሰው ያገኘው ልጅ መጣና በግማሽ ሰዓት ሰቅሎ ሄደ። መጋረጃው ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል አጠረ፤ ዝም አልኩ። በወለድኩ በሰባተኛው ቀን የባለቤቴ እናትና አክስቶቹ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉኝ መጡ። ገንፎው ቀርቧል። አንዷ አክስት "ትንሽ ብርሃን ይግባ" ብለው ጎተት ሲያደርጉት ሀዲዱ ከነልስኑ ተነቅሎ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ገንፎው ግን አቧራና የልስን ፍርፋሪ ለበሰ። አንደኛው መጋረጃም ከላይ ተቀደደ። አማቴ "ምን ይሁን፣ ልጆች ናችሁ" አሉ። ያቺ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ዱባይ ያለችው እህቴ ይህን ስትሰማ አራት መጋረጃ ላከችልኝ፤ ሁለቱ ለሳሎን፣ ሁለቱ ለመኝታ ቤት ብላ። እያንዳንዱ ወርዱ 140፣ ቁመቱ 260 ነው። ወፍራም፣ ባለገበር፣ በጣም የሚያምር ነው። ግን ራሱ ላይ ትልልቅ የብረት ቀለበት የተመታበት ስለሆነ ሀዲዳችን ላይ አይሰቀልም። ልብስ ሰፊው "ቀለበቱን ቆርጬ ጥዬ እንደ ድሮው አድርጌ እሰፋልሻለሁ" አለኝ። ልቤ እምቢ አለ። እህቴ በየቀኑ "ሰቅለሽ ፎቶ ላኪልኝ" ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ "መጋረጃ ምን ያደርጋል፣ አንሶላ እንስቀል" ብሎ ዝም ይላል።

ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። እነዚያው እንግዶች ይመጣሉ። እጄ ላይ 9 ሺህ ብር አለ። ላስቆርጠው? ሌላ ልግዛ? ከውስጥ የሚሰቀል ስስ መጋረጃ፣ ሻሽም ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ በረንዳ ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ። የሳሎኑ መስኮት ወርድ 180፣ የመኝታ ቤቱ 120 ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ 268 ለካሁ።

ከጀሞ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። መጀመሪያ ግን ከወንበሩ ላይ ውረጂ። "268 ለካሁ" ስትዪ አራስ ሆነሽ ወንበር ላይ መውጣትሽ ገብቶኛል። ከአሁን ወዲያ የሚለካውን ሌላ ሰው ይለካ፤ አንቺ ከታች ሆነሽ ጻፊ።

የእህትሽን መጋረጃ አታስቆርጪው። ልብሽ እምቢ ያለው ትክክል ነው። ሰፊው የሚቆርጠው የቀለበቱን ሙሉ ወገብ ነው፤ ከዚያ ለአዲሱ ራስ መታጠፊያ የሚሆን ጨርቅ ይወስዳል። ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያጥርብሻል። ያጠረ መጋረጃ ደግሞ አንዴ አይተሻል። ችግሩ ያለው ከጨርቁ ላይ አይደለም። መሰቀያው ነው የማይስማማው።

አብዛኞቻችን መጋረጃ ስንገዛ የምናየው ቀለሙን ነው። እኔም የመጀመሪያ ቤቴን መጋረጃ የገዛሁት ከሶፋዬ ጋር ስለሄደልኝ ብቻ ነበር፤ ስሰቅለው መስኮቱ ሲከፈት እየመታው አስቸገረኝ። መጋረጃ ግን ጨርቅ ብቻ አይደለም። ግድግዳውን የሚነክሰው ብሎን አለ፤ ዘንጉን ወይም ሀዲዱን የሚሸከመው መያዣ አለ፤ ከዚያ ራሱ ዘንጉ፣ ከዚያ የመጋረጃው ራስ፣ ጨርቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እናንተ ከጨርቁ ጀመራችሁ፤ ግድግዳውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የአክስትየዋ እጅ ሳይሆን ግድግዳው ነው ያዋረዳችሁ። ኮንዶሚኒየም ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ላዩ ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ልስን አለ። አጭር ብሎን ልስኑን ብቻ ይይዛል። "ከነልስኑ ተነቅሎ" ብለሽ መጻፍሽ ራሱ ይነግረኛል። የተነቀለበትን ቀዳዳ እስቲ እይው፤ ውስጡ ፊሸር፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ አለ? ወይስ የተቆረጠ እንጨት ሰክቶበታል? እንጨት ካገኘሽ አትገረሚ፣ ብዙ ቤት አለ። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብሎኑም አብሮት ይላላል፤ ከዚያ አንድ ጉተታ ይበቃዋል።

መልካሙ ነገር ከመስኮቱ በላይ ብዙውን ጊዜ አርማታ አለ። ባለቤትሽ በጣቱ አጥንት እያንኳኳ ከታች ወደ ላይ ይሂድ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። ደንቆሮ፣ ጠጣር ድምፅ ሲሰጥ አርማታው ላይ ደርሷል። እዚያ ላይ 8 ቁጥር ፊሸር፣ 8 ቁጥር ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ብሎን። አርማታ የሚበሳው የሚመታ ድሪል ነው፤ ተራው ድሪል ፑንታውን ከማቃጠል በቀር ምንም አይሠራም። ብረት ካጋጠመው ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይበል። መስኮቱ አጠገብ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ሶኬት ካለ በእሱ ቀጥታ ላይና ታች አይብሳ፤ ሽቦው የሚሄደው በዚያ ነው።

አሁን ወደ መሰቀያው እንምጣ። በየሱቁ የምታገኚው በሁለት ይከፈላል። አንዱ እናንተ ቤት ያለው ሀዲድ ነው፤ ውስጡ የሚሮጡ ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉት፣ መጋረጃው በመንጠቆ እነሱ ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ የሚሆነው ራሱ ላይ የሽንሽን ማሰሪያ የተሰፋበት መጋረጃ ነው። ሁለተኛው ክብ ዘንግ ነው። የእህትሽ መጋረጃ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፣ መንጠቆ የሚባል ነገር የለውም። ሁለቱ አይለዋወጡም። ሱቅ ስትገቢ "መጋረጃ አለ?" ከማለትሽ በፊት "ይሄ በምን ላይ ነው የሚሰቀለው?" ብለሽ ጠይቂ። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም፤ ሻጩም ሳይጠየቅ አይናገርም።

ዘንግ ለመግዛት ስትሄጂ ከአራቱ መጋረጃዎች አንዱን ይዘሽ ሂጂ፤ ካልሆነ የቀለበቱን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ለክተሽ ያዢ። 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በደንብ ይንሸራተትበታል። ከዚያ የቀጠነ አትግዢ፤ ወፍራም ባለገበር መጋረጃ ያጎብጠዋል። አንዱ ሌላው ውስጥ እየገባ የሚረዝም የሚያጥረውን ዘንግም ሊያሳዩሽ ይችላሉ። ርካሽ ነው፣ ለመሸከምም ይመቻል፤ ለቀላል ሻሽ አልጠላውም። ለዚህ ክብደት ግን አልመርጠውም። መጋጠሚያው ላይ ይረግባል፣ ቀለበቱም ባለፈ ቁጥር እዚያ ላይ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ እህትሽ ያላሰበችው አንድ ነገር አለ። ሁለት መጋረጃ ለሳሎኑ አይበቃም። መስኮቱ 180 ነው፤ ዘንጉ ግን ከመስኮቱ እኩል መሆን የለበትም። በግራም በቀኝም 30፣ 30 ቢያልፍ መጋረጃው ሲከፈት ግድግዳው ላይ ይሰበሰባል እንጂ ብርሃኑን አይከለክልም። አክስትየዋም ብርሃን ፈልገው አይደል የጎተቱት? እንግዲህ ዘንግሽ 240 ሆነ። ሁለቱ መጋረጃ ተደምሮ 280 ብቻ ነው። ሲዘጋ ሽንሽን የሚባል አይኖረውም፤ ባለቤትሽ እንዳለው የተወጠረ አንሶላ ይመስላል። የቀለበት መጋረጃ እንዲያምር ከዘንጉ ርዝመት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል። አራቱንም ሳሎን ብትሰቅያቸው 560 ይሆናሉ፤ ከሁለት እጥፍ አለፈ ማለት ነው። ሁለቱን ለግራ፣ ሁለቱን ለቀኝ አድርጊ። ሰፊው አንድ ነገር ይስፋልሽ ካልሽ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ያጋጥምልሽ፤ ያ መቀስ አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ ቀለበቶቹን ቁጠሪ። ቁጥራቸው ጥንድ ከሆነ በግራም በቀኝም ያለው ጠርዝ እኩል ወደ ግድግዳው ይዞራል። ጎደሎ ከሆነ አንዱ ጠርዝ ወደ ሰው ይዞርና ያስጠላል።

ለ240 ዘንግ ሁለት መያዣ አይበቃም፤ ሦስት ይሁን፣ ሦስተኛው ልክ መሀል ላይ። መሀሉ ላይ ቢሆን አያደናቅፍም፣ መጋረጃሽ የሚከፈተው ከመሀል ወደ ጎንና ጎን ነውና። መያዣው ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚወጣም እዪ። የቀለበት መጋረጃ እየተጠማዘዘ ስለሚቆም ወደ ኋላ ቦታ ይፈልጋል፤ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ወይም የመስኮቱን እጀታ ከነካ አያምርም፣ ቶሎም ይቆሽሻል። ሲሰቅሉት ደግሞ የመጨረሻዋን ቀለበት ከዳሩ መያዣ ውጭ፣ ጫፉ ላይ ከሚገባው ኳስ በፊት ያስቀሯት። ያቺ አንዲት ቀለበት መጋረጃው ተጎትቶ ወደ መሀል እንዳይሸሽ ትይዘዋለች። ብዙ ገጣሚ ይህን ይረሳዋል።

ስለ ሻሹ። ፊት ለፊት ሰው ካለ እኔም እፈልገው ነበር። ግን አንድ ነገር እወቂ፤ ሻሽ የሚሰውርሽ ቀን ብቻ ነው። ማታ መብራት ስታበሪ ነገሩ ይገለበጣል፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው እራት ምን እንደበላችሁ ያያል። ስለዚህ ሻሹ የወፍራሙ ጓደኛ እንጂ ምትኩ አይደለም። ሁለቱ አብረው እንዲሰቀሉ ሁለት ዘንግ የሚሸከም መያዣ አለ፤ ሻሹ ወደ መስኮቱ፣ ወፍራሙ ወደ ቤት። ብርሽ አሁን ለሻሹ ባይበቃም መያዣውን ባለሁለት ግዢው። ሻሹ ከሁለት ወር በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ግድግዳውን ግን ሁለቴ አታስበሺው።

የሻሽ ጨርቅ ስትገዢ ከሜትሩ ዋጋ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ "ወርዱ ስንት ነው?" የሚል። መርካቶ ጨርቁ በሜትር ሲሸጥልሽ 140 ወይም 150 ወርድ ያለው አለ፣ 280 ወርድ ያለውም አለ። የ280ውን አዙረሽ ትጠቀሚበታለሽ፤ ወርዱ የመጋረጃሽ ቁመት ይሆናል። ለ240 ዘንግ ሁለት እጥፍ 480 ነው፣ ለጠርዝ መታጠፊያ ጨምሪና 5 ሜትር ይበቃሻል። ያውም ያለ ስፌት፣ አንድ ወጥ ሆኖ። በ140 ወርድ ግን አራት ቁመት መቁረጥ አለብሽ፤ እያንዳንዱ ከነመታጠፊያው 280 ቢሆን ከ11 ሜትር ይበልጣል። ዋጋው ርካሽ የመሰለው ጨርቅ ሲደመር ውድ ይሆናል። ጥጥ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ሳይቆረጥ ይታጠብ፤ ይሰበሰባል።

ያ የወደቀው መጋረጃስ? ስለ እሱ ምንም አላልሽም፤ ጥቅልል አድርገሽ አልጋ ስር የከተትሽው ይመስለኛል። አውጪው። ሰፊው መቀሱን የሚያነሳው እዚህ ላይ ነው። የተቀደደውን ራሱን ይቁረጥና አዲስ የሽንሽን ማሰሪያ ይስፋበት። ለሳሎን አጥሮ ነበር፣ አሁን የባሰ ያጥራል፤ መኝታ ቤት ግን ከመስኮቱ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ቢቆም ማንም አጠረ አይለውም። ሀዲዱም ይከተለው። የመኝታ ቤቱ መስኮት 120 ከሆነ ሀዲዱ 160 ይበቃዋል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ትርፉ በሰጌቶ ይቆረጣል። ብሎኑ ብቻ እንደ ሳሎኑ አርማታው ላይ በፊሸር ይታሰር። አንድ አደራ፤ ከሽንሽን ማሰሪያው ጎን የሚንጠለጠለውን ክር ጠቅልላችሁ ላይ እሰሩት፣ የልጅቷንም አልጋ ከመስኮቱ ራቅ አድርጉት። ዛሬ አትደርስበትም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያገኘችውን ሁሉ ትጎትታለች።

አሁን ልኩን ልንገርሽ። መጋረጃውን አልጋ ላይ ዘርጊና ከቀለበቱ የውስጥ የላይኛው ጠርዝ እስከ ታች ለኪ፤ ከራሱ ጫፍ አይደለም። ዘንጉ የሚሸከመው እዚያ ላይ ነውና። 256 ቢሆን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨምሪ፤ የዘንጉ የላይኛው ጠርዝ ከወለሉ 257 ተኩል ላይ ይሆናል ማለት ነው። ከዘንጉ በላይ የሚቀረው ራስ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጣሪያሽ ደግሞ 268 ላይ፤ አይነካውም። በግራ፣ በመሀልና በቀኝ ለኩ። ወለላችን ቀጥ ያለ እንዳይመስልሽ፤ ሦስቱ ቢለያዩ መጋረጃው ወለሉ ላይ እንዳይጎተት ከፍ ባለው የወለል ክፍል ሂዱ፣ ዘንጉን ግን በውሃ ልክ አስተካክሉት። መለኪያው የብረት ሜትር ይሁን። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሳሳባል።

ስለ ባለቤትሽ ልጠይቅሽ። "አንሶላ እንስቀል" ሲል በእውነት ግድ የለሽ ሆኖ ነው? ገጣሚውን ያመጣው እሱ ነው። በእናቱና በአክስቶቹ ፊት የወረደውም የእሱ ሥራ ነው ብሎ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ወንዶች ሲያፍሩ አንዳንዴ ቀልድ ይቀልዳሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። "ያኔ ምን አይነት ሰው ነው ያመጣኸው" ከሚለው ብትጀምሪ ዝምታው ይብሳል። "ና፣ ግድግዳውን አንኳኳልኝ፣ እኔ ልጻፍ" ብትዪውስ? ሥራ ስጪው። ዘንጉንና ፊሸሩን እሱ ይግዛ፣ ገጣሚው ሲመጣም አጠገቡ ይቁም። ገጣሚው ብሎኑን ከማስገባቱ በፊት ፊሸሩን እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ከፊል ቀብድ ብቻ ይስጠው፣ ቀሪውን መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ባለቤትሽ ጠንከር አድርጎ ጎትቶት ካየ በኋላ።

የአማትሽን ቃል ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩት። "ምን ይሁን፣ ልጆች ናችሁ።" ድምፃቸውን አልሰማሁም፣ አንቺ ነሽ የነበርሽው። በሰባተኛ ቀንሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ በእንግዳ ፊት ስትሰሚው ስድብ መስሎሽ ሊሆን ይችላል። ግን አስቢው፤ ገንፎ ውስጥ ልስን ወርዶ ሊያሙሽ የፈለጉ ሴት ይህን ነበር የሚሉት? እኔ ካነበብኩት ውስጥ ይቅርታ ነው የሰማሁት። ልሳሳት እችላለሁ። ከክርስትናው በፊት አንድ ቀን ቡና ጠርተሻቸው መጋረጃውን ቢያዩትና "እንዴት ነው እማዬ?" ብትያቸው፣ ያኔ የሚመልሱት ይነግርሻል።

ለእህትሽ ዛሬውኑ ደውዪላት። ነገሩን አትደብቂያት፤ ዘንጉ ገና ነው፣ አራቱም ሳሎን ሊገቡ ነው በያት። "ለመኝታ ቤቱስ?" ብላ ሌላ ልትልክ ትነሳለች፣ አውቃታለሁ ባይባልም እህቶችን አውቃለሁ። እንዳትልክ ለምኛት፤ እሷም እዚያ የምትደክምበት ብር ነው።

አንድ ወር ተኩል አለሽ፣ አትቻኮዪ። በዚህ ሳምንት መለካትና ማንኳኳት፣ በሚቀጥለው ዘንጉና መያዣው፣ ከዚያ ገጣሚው። ሻሹ ብር ካተረፍሽ። ሲሰቀል ወፍራም መጋረጃ ከሻንጣ የወጣበት እጥፋት አለው፤ ለሁለት ሦስት ቀን ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ ብዙው በራሱ ይፈታል፣ የቀረውን ከጨርቁ ጀርባ በለብታ ካውያ ማስተኮስ ነው። ያኔ ለእህትሽ ፎቶውን አንሺ። መጋረጃውን ብቻ እንዳትልኪላት፤ ልጅቷን ታቅፈሽ ከፊቱ ቁሚ፣ ባለቤትሽ ያንሳሽ።